ቸኳዩ ሰውዬ

የምኖረው ሻርሎት፣ ኖርዝ ካሮላይና ነው። ሥራዬ ሽማግሌና አሮጊት በየቤታቸው መንከባከብ ነው። እሑድ እሑድ የምይዛቸው ሰውዬ 88 ዓመታቸው ነው። በሆዴ «አባባ» እላቸዋለሁ።

አባባ ቴሌቪዥን ላይ የሚያዩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዘ አንዲ ግሪፊዝ ሾው»። እንደ ፈረንጆቹ ከ1960 እስከ 1968 የታየ ኮሜዲ ነው። 249 ክፍል አለው። ታሪኩ እዚሁ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ሜይቤሪ በምትባል የፈጠራ ከተማ ነው። ሸሪፉ ሽጉጥ አይታጠቅም። ምክትሉ ባርኒ ደግሞ የተፈቀደለት ጥይት አንድ ብቻ ነው፤ እሷንም በደረት ኪሱ ነው የሚይዛት። ባርኒ ከወጣ በኋላ የመጡትን ባለቀለም ክፍሎች አባባ አያዩም። «ባርኒ ከሌለበት ምኑን አየሁት!»

መጀመሪያ ሰሞን ሰልችቶኝ ነበር። ሳቁ ይሰማኛል፣ ቀልዱ አይገባኝም። ቀስ በቀስ የያዘኝ ዘፈኑ ነው። ቨርጂኒያ ያለችው እህታቸው በየሳምንቱ ትደውላለች፤ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው የትኛው ዘፈን በየትኛው ክፍል እንደነበር ይከራከራሉ። ባርኒ ድምፁ ለመዘምራን የማይሆንበትን ክፍል፣ ከተራራ የሚወርዱትን ዘፋኝ ቤተሰብ፣ ዳርሊንጎችን... (ልጆቹን ሆነው የሚጫወቱት ዲላርድስ የሚባሉ እውነተኛ ሙዚቀኞች ናቸው።) ዳርሊንጎቹ ከሚጠሩት የዘፈን ርዕስ አንዱ «አያትህን በትልቅ ዱላ አትምታ» ነው። የዳርሊንጎቹ ሴት ልጅ እንዲህ ዓይነቱ ርዕስ ሲነሳ «እሱ ይቅር፣ ያስለቅሰኛል» ትላለች። እዚህ ላይ እኔም ሳቅኩ።

መዝሙር ላይ ሲደርሱ ግን ክርክሩ ይቆማል። በዱር ውስጥ ስላለች ቡናማ ቤተ ክርስቲያን የሚዘመር አለ። ዊሊያም ፒትስ የሚባል ሰው በ1857 አዮዋ ውስጥ ጫካ አይቶ ነው የጻፈው። ያኔ ቤተ ክርስቲያን የሚባል ነገር እዚያ አልነበረም፤ የተሠራው በኋላ ነው። አዝማቹ ላይ ወፍራም ድምፅ ያላቸው «ካም፣ ካም፣ ካም» (ኑ፣ ኑ፣ ኑ) እያሉ ይቀበላሉ። ወፍራሙን አባባ ይዘው፣ ቀጭኑን እህታቸው ይዛ በስልክ ሲቀባበሉ ጆሮዬ ወደ እኛ ሰንበት ትምህርት ቤት ይሄዳል። ለእኔ እኮ ቅዳሴ ከቀረ ወራት ሆኖታል፤ እሑድ ክፍያው ይሻላል።

ባለፈው እሑድ የምትተካኝ ልጅ ዘገየች። ሁለተኛው ሥራዬ እየጠበቀኝ ነው። ቁልፌን ይዤ መስኮትና በር ስመላለስ አባባ ወንበሩን መታ መታ አደረጉልኝ።

«ነይ ተቀመጪ። ይኼ አንቺ ነሽ።»

የ1963ቱ ክፍል ነው። አንድ ነጋዴ በእሑድ ቀን መኪናው ሜይቤሪ ላይ ተበላሽቶበታል። መካኒኩ በሰንበት አልሠራም አለው። የጋራውን የስልክ መስመር ሁለት አሮጊት እህትማማቾች ስለ እግራቸው መደንዘዝ እያወሩ ይዘውታል። ሰውዬው ጦፏል። በረንዳው ላይ ሸሪፉ ጊታሩን አንስቶ ከባርኒ ጋር ያንኑ መዝሙር ቀስ ብለው ጀመሩት። ሰውዬው መንጎራደዱን ትቶ አብሯቸው ያንጎራጉር ጀመር።

አባባም ጀመሩ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ «ካም፣ ካም» እያልኩ ተቀበልኳቸው።

በሩ ሲንኳኳ ነጋዴው በረንዳው ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ሳይበጠስ የተላጠ የፖም ልጣጭ በእጁ ተንጠልጥሏል። ለልጅቷ ከፈትኩላትና «ቆይ፣ አንዴ ይለቅ» ብያት ተመልሼ ተቀመጥኩ።