ፀሐዩ «ፀ»

ፎርሙ አይ-130 ይባላል። የአሜሪካ ዜግነት ያገኘ ሰው እናቱን ለማምጣት ሲነሳ መጀመሪያ የሚሞላው እሱን ነው። 12 ገጽ ነው። እኔ የሞላሁት በ2022 ነው፤ ያኔ ክፍያው 535 ዶላር ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ጨምሯል።

ሦስት ማታ ፈጀብኝ። ከሥራ ስገባ እራቴን በልቼ፣ ጠረጴዛውን ጠርጌ፣ ወረቀቶቹን እዘረጋለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው አፓርታማዬ አንድ ክፍል ስለሆነች ጠረጴዛው የምበላበትም፣ የምሠራበትም፣ ልብስ የማጥፍበትም ነው። የልደት ቀን፣ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ተለውጦ። የጋብቻ ሁኔታ። «የቤተሰብ ስም» የሚለው ላይ የእናቴን አያት ስም ጻፍኩ። የእኔ ላይ ደግሞ የራሴ አያት ስም አለ። እናትና ልጅ በስም ምንም የማይገናኙ ባዳዎች ሆነን ተቀመጥን። ይሄን አሜሪካኖቹ ለምደውታል፣ ሁሉም ሐበሻ እንዲህ ነው ብዬ አለፍኩ።

በሦስተኛው ማታ አንድ ጥያቄ ላይ ደረስኩ። የሚመጣው ሰው ቋንቋ በላቲን ፊደል የማይጻፍ ከሆነ ስሙንና አድራሻውን በራሱ ፊደል ጻፍ ይላል።

ደስ አለኝ። ከ12 ገጽ ውስጥ እኔ ከአሜሪካ መንግሥት የተሻለ የማውቃት አንዲት መስመር ተገኘች። ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ቀይሬ የእናቴን ስም ጻፍኩ። ፎርሙ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን ደረደረልኝ።

ሳጥኖቹን ሳይ ዲቪ የደረሰኝ ጊዜ ትዝ አለኝ። የቪዛውን ፎርም፣ ዲኤስ-260ን፣ ያስሞላሁት ኢንተርኔት ቤት ነው። ልጁ ፈጣን ነው፤ ከኋላዬ ሰልፍ አለ። እዚያም «ሙሉ ስም በራስዎ ፊደል» የሚል ቦታ ነበር። አጠገቡ ደግሞ ትንሽ ሳጥን አለች፤ «አይመለከተኝም ወይም ቴክኖሎጂው የለም» ትላለች። ልጁ ቀና ሳይል ጠቅ አደረጋት። ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ «የአማርኛና የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንተይባለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። እኔም ዝም አልኩ። ቪዛውን ነበር የምፈልገው።

አሁን ግን የእናቴ ስም ነው። ፎርሙን አትሜ በጥቁር እስክሪብቶ በእጄ እጽፋለሁ አልኩ። እስክሪብቶውን አንስቼ ከወረቀቱ በላይ እንደያዝኩ ቆምኩ። በየትኛው «ፀ» ነው?

የእናቴን እውነተኛ ስም እዚህ አልጽፍም፤ ደስ አይላትም። ለጨዋታችን ግን ዓለምፀሐይ እንበላት፣ ችግሩ አንድ ነው። ያሉኝን ወረቀቶች ደረደርኩ። የቀበሌ መታወቂያዋ «አለምጸሀይ» ይላል። የክርስትና ምስክር ወረቀቷ «ዓለምፀሐይ» ይላል። የባንክ ደብተሯ «ዓለም ፀሀይ» ብሎ ለሁለት ሰንጥቋታል። ለዚሁ ጉዳይ ብለን በቅርቡ ያወጣነው የልደት ሰርተፍኬት ደግሞ «ዓለምፀሃይ» ነው። አራት ወረቀት፣ አራት እናት።

ሰው ሲጨነቅ የማይሆን ነገር ያሰላል። የመጀመሪያዋ ፊደል በአራት ዓይነት ትጻፋለች፤ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ። «ፀ» በሁለት። «ሐ» በስድስት፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። አራት ጊዜ ሁለት ጊዜ ስድስት፣ 48። እንደ ባንኩ ለሁለት የሚሰነጥቅ ካለ 96። ጮክ ብለው ቢያነቧቸው ግን ሁሉም አንድ ሴት ናቸው፤ በሁሉም «አቤት» ብላ ትመጣለች።

እንደሚመስለኝ ጥያቄውን ያወጣው ሰው ያሰበው ስለ ቻይናዎቹ ነው። እነሱ ዘንድ በላቲን አንድ ዓይነት የሚጻፉ ብዙ ስሞች በራሳቸው ፊደል ሲጻፉ ይለያያሉ። ስለዚህ በራሱ ፊደል ካየኸው ሰውየው ማን እንደሆነ ይለያል። እኛ ጋ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በፓስፖርት ላይ አንዴ የተጻፈው ላቲን ንቅንቅ አይልም፣ 48 ቦታ የሚበተነው በፊደላችን ነው።

ደወልኩላት። እኔ ጋ ማታ አራት ሰዓት፣ እሷ ጋ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ኪዳን ልትሄድ ነጠላዋን እየለበሰች ነበር።

«እማዬ፣ ስምሽ በየትኛው ‹ፀ› ነው የሚጻፈው?»

ዝም አለች። «ምን ሆንክ ልጄ? አሞሃል?»

«ደህና ነኝ። ለፎርሙ ነው። በአማርኛ ጻፉ ይላል።»

«በአማርኛ? እነሱ?»

«አዎ።»

«በፀሐዩ ነዋ! ፊደሉ በእኔ ስም እየተጠራ ደግሞ ትጠይቀኛለህ?»

አፈርኩ። የኔታ ዘንድ የቆጠረ ሰው ሞክሼ ፊደሎችን የሚለየው በስማቸው ነው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። እነዚህን ስሞች የሰማኋቸው ትልቅ ከሆንኩ በኋላ፣ ያውም እንደ ቀልድ ነው። ትምህርት ቤት «ሁለቱም ያስኬዳል» ተብለን አድገናል። የእናት ስም በሚል ቦታ ሁሉ የመጣልኝን ስሞላ 12 ክፍል ጨረስኩ። ስልኬ ላይ «እማዬ» ስለሆነች ከዚያ ወዲህ ስሟን በአማርኛ የጻፍኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

«‹ሐ›ውስ?»

«ሐመሩ።»

«የመጀመሪያውስ?»

«ዐይኑ። ራብዑን። ጻፍከው?»

«ቆይ እየጻፍኩ ነው። አንቺ ይሄን ሁሉ ከየት አወቅሽው?»

ኪዳኑ አለፋት። ያን ሌሊት የነገረችኝን ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም። አባቷ ካህን ነበሩ። ወንድሞቿን ፊደል አስቆጥረዋል፣ እሷን አላስቆጠሩም። በኛ አቆጣጠር በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር 28 ዓመቷ ነው፤ ታላቄን አዝላ ትማር ነበር። አስተማሪዋ ለዘመቻ የተላከ ጎረምሳ ተማሪ ነው፣ ጢም እንኳን አላወጣም። ስሟን መጻፍ የቻለች ዕለት ወላጆቿ ቤት ሮጣ ሄደች። ከምድጃ ከሰል አንስታ በሩ ላይ ጻፈች። አለምጸሀይ።

አያቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆሙ።

«ይቺ ማን ናት?» አሏት።

«እኔ ነኛ፣ አባዬ።»

«አንቺ አይደለሽም» አሉ። በጋቢያቸው ጫፍ ሦስት ፊደል ብቻ መርጠው አጠፉ። ከሰሉን ተቀብለው «ዓ»ን፣ «ፀ»ን፣ «ሐ»ን አገቡ። ልጃቸውን ሲያስጽፉ የመጀመሪያም የመጨረሻም ጊዜያቸው ነበር።

በማግስቱ አዲሱን ይዛ ትምህርቱ ቦታ ሄደች። ጎረምሳው አየና «ሁለቱም ልክ ነው» አላት።

«እኔም ሁለቱም ልክ ከሆነ የአባቴን እጽፋለሁ አልኩት» አለችኝ። «የት ደረሰ ይሆን ያ ልጅ? ደህና ልጅ ነበር።»

አድራሻው ቀረ። እሱም በፊደላችን ነው የሚጻፈው። ከተማው ደብረ ብርሃን ነው፤ መታወቂያው ላይ «ብርሀን» ቢልም ለእሱ ራሴ ወሰንኩ። የቤት ቁጥሩ ላይ ግን ተቸገርኩ። መታወቂያው «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» ይላል። የኛ አገር ሰው ያውቀዋል፤ ቁጥር ያልተሰጠው ቤት ቁጥሩ «አዲስ» ነው። ቤታችን 30 ዓመት አልፎታል፣ አሁንም አዲስ ነው። በእንግሊዝኛው በኩል ምን ብዬ እንደምተረጉመው ጨንቆኝ ቁጥር የለውም ብዬ አለፍኩ። በአማርኛው መስመር ላይ ግን አልዋሽም ብዬ «አዲስ» አልኩ። እማዬማ «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ በለው፣ የሚመጣው ሰው እንዳይጠፋበት» ብላኝ ነበር።

ከዚያ መጻፉ መጣ። በእስክሪብቶ አማርኛ ከጻፍኩ ስንት ጊዜዬ ነው? በስልክ ቀኑን ሙሉ እጽፋለሁ፤ እጄ ግን ረስቷል። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ «ፀ» ጎበጠች፣ እንቁላል መሰለች። ሁለተኛው ላይ መስመሩ ጠበበኝና «ይ» ከሳጥኑ ወጥታ ተንጠለጠለች። ሦስተኛው ላይ «ሐ» መሐል እግሯ ረዘመ። ያንን ገጽ አምስት ጊዜ አትሜዋለሁ። በመጨረሻ ድሮ እንደተማርነው አሮጌ ወረቀት ላይ ሙሉ ገጽ ተለማመድኩ። ዓለምፀሐይ፣ ዓለምፀሐይ፣ ዓለምፀሐይ። ያቺን ወረቀት አልጣልኳትም።

ሰነዶቹን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰልኝ ሰውዬ ሐበሻ ነው፤ ሥራው ይኼው ነው፣ ብዙ አይቷል። ወረቀቶቼን አገላብጦ ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነበር። ፓስፖርቷ ላይ ስሟ በዋይ ያልቃል። የልደት ሰርተፍኬቱ እንግሊዝኛ ላይ ግን በአይ ያልቃል። «ይሄ ነው የሚያስጠይቅህ» አለኝ። በሌላ ስም ትታወቃለች ወይ በሚለው ጥያቄ ሥር የአይውንም አስገባ አለኝ፣ አስገባሁ።

«አማርኛውስ? አራቱም ይለያያሉ እኮ» አልኩት።

«በእንግሊዝኛው አትቀልድ» አለኝ እየሳቀ። «አማርኛውን እንደፈለግክ።»

አልተቀየምኩትም። እውነቱን ነው፤ አንዲት የላቲን ፊደል ብትዛነፍ ወራት ሊያስጠብቅህ ይችላል። አማርኛዋን ግን ያነበበ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። ቢሆንም የልደት ሰርተፍኬቱ ላይ ያለችዋ «ሃ» ስታሳክከኝ ከረመች። እማዬ ወረቀቱን ስታይ ያለችው «ይሁን፣ ጠጋ ብሏል» ነበር።

ፎርሙ አለፈ። ቀጥሎ የቪዛዋ ፎርም መጣ፣ ያው ዲኤስ-260። ያው ቦታ፣ ያቺው ትንሽ ሳጥን። በአማርኛ ኪቦርድ ቀስ ብዬ ጻፍኩበት። ገባ። አንድም ባዶ ሳጥን የለም፣ ሦስቱም ፊደሎች ጥርት ብለው ቁጭ። ያ የኢንተርኔት ቤት ልጅ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅኩ። ቴክኖሎጂው ነበር ማለት ነው፤ ያጣነው አንዲት ደቂቃ ነው።

መጣች። ግሪን ካርዷ በፖስታ ሲደርስ አገላብጣ አየችው። በላቲን ብቻ ነው። «ያኔ ያስጻፉህ የታል?» አለችኝ። ፋይል ውስጥ ነው አልኳት። «አኑረውት ነው?» አለች። አዎ፣ አኑረውታል። ደስ አላት።

ባለፈው ሳምንት የደም ግፊት መድኃኒቷን ልንወስድ ሄድን። ፋርማሲው ውስጥ በጣት የሚፈረምበት ትንሽ ስክሪን አለ። እኔ እዚያ ላይ የምፈርመው አንድ ጭረት ነው፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው። ልፈርምልሽ ስላት እጄን ገፋ አደረገችው። መነጽሯን አወጣች። የእሷ ፊርማ ስሟ ነው፣ ከ1971 ጀምሮ ሌላ ፊርማ የላትም። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ «ዓ»ን ጀመረች፣ እግሯን አጠፈችላት። «ለ»ን ጻፈች። «ም»ን ጻፈች። ከኋላችን ሦስት ሰው ቆሟል። የ«ፀ»ን ክብ ዞራ ገጠመችና መሐሏን ልታሰምር ስትል ስክሪኑ ጭልም አለ።

ገንዘብ ተቀባይዋ ፈገግ ብላ በቂ ነው፣ ተቀብሏል አለች። የመድኃኒቱን ከረጢት ወደ እኔ ገፋችው።

«ምን አለች?» አለችኝ እማዬ።

«በቃ፣ አልቋል አለች።»

ጣቷን ከስክሪኑ አላነሳችም። «ምኑ ነው ያለቀው? ገና ፀሐዩ ላይ ነኝ።»