ለጭስ ማስከፈል ከታሰበ መለኪያው ሐረጎ አናት ላይ ይቁም

የለንደኑን የጭስ ክፍያ፣ ደረጃ ያላሟላ መኪና በቀን የሚከፍለውን፣ እንዳለ አምጥተን ደሴ መግቢያ ላይ እንትከለው ብንል መጀመሪያ የሚያስቸግረን ሾፌሩ ሳይሆን ከፍታው ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ። በመካከላቸው ያለው የሐረጎ ዳገት መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ሞተሩ በእያንዳንዱ ስበት የሚያስገባው ኦክስጅን በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ተራ ፖምፓ ግን ከፍታ አይቶ ናፍጣ አይቀንስም። አየር ያጣው ናፍጣ በወጉ ሳይቃጠል ጥላሸት ይሆንና በማርሚታው ይወጣል።

ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚጎላው ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) በሌለው ሞተር ላይ ነው። 5ኤል የሚባለው 2,986 ሲሲ ሞተር የተገጠመለት ሃይኤስ ሚኒባስ አየር የሚስበው በራሱ አቅም ብቻ ስለሆነ የከፍታውን ጉድለት የሚሞላለት የለም። ተርቦ ያለው የጭነት መኪና ይሻላል፤ ጭሱ በአብዛኛው የሚታየው ማርሽ ሲቀየር፣ ተርቦው ገና ሳይነሳ ነው። የአየር ግፊት ሲያንስ ናፍጣውን አብሮ የሚቀንስ መሣሪያ ያላቸው ፖምፓዎችም አሉ፤ ግን ናፍጣ ሲቀነስ ጉልበትም ስለሚቀነስ ጋራዥ ሲገባ መጀመሪያ እንዲደፈን የሚጠየቀው እሱ ነው።

ከዚያ ቡሎኑ አለ። ፖምፓው ላይ ከፍተኛውን የናፍጣ መጠን የሚወስን አንድ ቡሎን ተቀምጧል፤ ሩብ ዙር እንኳ ሲጠብቅ መኪናው ዳገት ላይ የተለየ ይመስላል። ሾፌሩ «ሳበልኝ» ይላል፣ መካኒኩ ይመሰገናል። ደሴ ላይ ግን የጎደለው አየር እንጂ ናፍጣ ስላልሆነ ከተጨመረው ናፍጣ ጥቂቱ ጉልበት ይሆናል፤ የቀረው ጥቁር ጭስና የሞቀ ፒስተን ነው። የነዳጅ ዋጋ እንዲህ ወጥቶ ሳለ ይህን ማድረግ ለምን እንደሚቀጥል አይገባኝም። የሚባክነው ናፍጣ በቀን ሒሳብ ላይ ለብቻው ተጽፎ ስለማይታይ ይመስለኛል።

ዳገቱ የሚጠይቀውን በቁጥር ላስቀምጠው። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢ ያለው መኪና 650 ሜትር ከፍ ለማለት ብቻ 255 ሜጋጁል ያህል ጉልበት ያስፈልገዋል። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሜጋጁል ገደማ ይዟል፤ ሞተሩ ከዚያ ወደ ሥራ የሚለውጠው አንድ ሦስተኛውን ያህል ነው። ስለዚህ 20 ሊትር የሚሆን ናፍጣ ክብደቱን ለማንሳት ብቻ ይነዳል፤ የጎማ ሰበቃው፣ የነፋሱ፣ ቆሞ የሚነሳበት ሁሉ ከዚህ ውጪ ነው። ይህ ሁሉ በከባድ ማርሽ፣ በቀስታ፣ ከተማዋ ደጃፍ ላይ ይቃጠላል። ደሴ ደግሞ ከጦሳ ተራራ ሥር የተኛች ጠባብ ከተማ ናት። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ቀዝቃዛው አየር ሸለቆው ውስጥ ተኝቶ ሳለ የእንጨቱም የከሰሉም የናፍጣውም ጭስ ፀሐይ እስኪያሞቀው ድረስ ከላይ እንደ ክዳን ይቀመጣል።

አሁን ወደ ለንደን። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለው ክፍያ ስለ መጨናነቅ ነው፤ አሁን ያለው የጭስ ክፍያ (ዩሌዝ የሚባለው) የተጀመረው ኤፕሪል 8 ቀን 2019 ነው። ደረጃውን ያላሟላ አውቶሞቢል በቀን 12.50 ፓውንድ ይከፍላል። ደረጃው ለቤንዚን ዩሮ 4፣ ለናፍጣ ዩሮ 6 ነው (ዩሮ የአውሮፓ የጭስ ደረጃ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ደረጃው ይጠብቃል)። በ2021 ክልሉ ሰፋ፤ በኦገስት 2023 ደግሞ መላውን ለንደን አካተተ። ጠቡ የከረረው በዚህ መስፋፋት ሰሞን ነው፤ ካሜራ የሚሰብሩ ሰዎች ተነሱ፣ የአንድ ምርጫ ክልል ማሟያ ምርጫም በዚሁ ጉዳይ ላይ ዞረ። እዚህ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ግን ያ ሕግ በዋናነት ያነጣጠረው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ላይ መሆኑ ነው። የ2006 ቤንዚን መኪና ነጻ ሆኖ የ2014 ናፍጣ የሚከፍለው ለዚህ ነው። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በቧንቧው ጫፍ በዓይን የሚታይ ጭስ አይደለም፤ ሐረጎ ላይ ከኋላ ያለውን ሾፌር መስኮት የሚያዘጋው ጥላሸት ነው። ሌላ ጋዝ ለመቀነስ የተጻፈ ደረጃ ገልብጠን ብናመጣ በደንብ የተያዘ የ1998 መኪናን አስከፍለን፣ ቡሎኑ የጠበቀ የ2017 መኪናን በነጻ እናሳልፋለን።

ሁለተኛው ልዩነት መንገዱ ነው። የመጀመሪያው የለንደን ክልል በውስጠኛው ቀለበት መንገድ የታጠረ ነበር፤ በቀለበቱ ላይ መንዳት አያስከፍልም ነበር። የበርሚንግሃሙም እንዲሁ ነው፤ መግባት የማይፈልግ ይዞራል። ከኮምቦልቻ ተነስቶ ወልድያ የሚሄድ ግን ደሴ ጉዳይ ባይኖረውም አውራ ጎዳናው በከተማዋ መሃል ያሳልፈዋል። ለእሱ «የመግቢያ ክፍያ» ማለት የኬላ ቀረጥ ነው፤ ሰው የሚሸሸውም ያንን ስም ነው። መዞሪያ የሌለው ሰው የሚከፍለው ክፍያ ጠባይ አይለውጥም፤ ገንዘብ ብቻ ይሰበስባል።

ስለዚህ ክፍያው በሞዴል ዓመትም በመግባትም ሳይሆን በተለካ ጭስ ቢሆን እመርጣለሁ። መለኪያውም መናኸሪያ ወይም ቢሮ ግቢ ሳይሆን የዳገቱ መጨረሻ ላይ ይቁም። ምክንያቱ ቴክኒካዊ ነው፦ የጭስ ልኬት ትክክል የሚሆነው ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ፣ ዘይቱ 80 ዲግሪ ሲደርስ ነው። በደሴ ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ቢለካ ከማርሚታው የሚወጣው የውሃ እንፋሎት ራሱ እንደ ጭስ ይቆጠራል። ሐረጎን ጨርሶ የደረሰ መኪና ግን ማሞቂያ ጊዜ አይፈልግም።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቆማል፣ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ ጎማው ሥር ታኮ ይገባል፣ ማርሹ ነጻ ይሆናል። መለኪያው መጀመሪያ በንጹሕ አየር ዜሮ ይደረጋል። ማርሚታው ውስጥ የተጠራቀመው አሮጌ ጥላሸት እንዲወጣ ሾፌሩ ሦስት ጊዜ ይረግጣል፤ ይህ አይቆጠርም። ከዚያ የመለኪያው ዘንግ ቧንቧው ውስጥ ግድግዳ ሳይነካ ይገባል። ሞተሩ በሚኒሞ ሳለ ነዳጅ መርገጫው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ እስከ ጥግ ይረገጣል፣ ሞተሩ ከፍተኛ ዙሩ ላይ እስኪደርስ ይያዛል፣ ይለቀቃል። ለከባድ መኪና ከመድገም በፊት ቢያንስ 10 ሰከንድ ይጠበቃል። እንዲህ የተደረጉ የሦስት ልኬቶች አማካይ ነው ውጤቱ። በእንግሊዝ ዓመታዊ ምርመራ ለአሮጌ ሞተር የሚፈቀደው ጣሪያ ተርቦ ለሌለው 2.5፣ ተርቦ ላለው 3.0 በሜትር ነው፤ ቁጥሩ ጭሱ ብርሃን ምን ያህል እንደሚጋርድ ያሳያል።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ ሾፌሩ ቀስ ብሎ ይረግጣል፤ ፖምፓው ሙሉ ናፍጣ ሳይሰጥ ልኬቱ ያልቃል። ዙሩን የሚያይ ሰው ወይም መሣሪያ ከሌለ ሁሉም ያልፋል። ሁለተኛ፣ የመለኪያው መስታወት ራሱ በጥላሸት ይሸፈንና ንጹሑን መኪና ይከሳል፤ በየጥቂት መኪናው ካልተወለወለ ሾፌሩ ቢጨቃጨቅ ልክ ነው። ሦስተኛ፣ ታይሚንግ ቤልቱ ያረጀ 5ኤል በባዶው እስከ ጥግ ሲረገጥ ቤልቱ ሊበጠስ ይችላል፤ ያኔ ቫልቭና ፒስተን ይገናኛሉ። ስለዚህ ከመርገጥ በፊት ቤልቱ መቼ እንደተቀየረ መጠየቅና ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል። አራተኛውና ዋናው ከፍታው ነው፦ ያው መኪና ኮምቦልቻ ላይ አልፎ ደሴ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የቆላ ቁጥር ገልብጦ መጠቀም አያዋጣም። ጣሪያው እዚሁ ቁመት ላይ፣ በደንብ በተያዙ መኪኖች ተለክቶ መውጣት አለበት።

ሁሉንም ማስቆም አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1888 የሠራው የጥቁረት ካርድ ዛሬም ይሠራል፤ ከነጭ እስከ ጥቁር በ20 በመቶ ልዩነት የሚጨልሙ ሰሌዳዎች ናቸው። ዳገቱ ላይ የቆመ ትራፊክ ፖሊስ ካርዱን ከጭሱ ጋር አስተያይቶ ከቁጥር 2 የሚጠቁረውን ብቻ ወደ መለኪያው ይልካል። ካርዱ ለፍርድ አይበቃም፤ ለመምረጥ ይበቃል። ጭነት ላይ ያለ ሞተር የሚያሳየውን ጭስ ደግሞ በባዶ የሚረገጠው ልኬት ሙሉ በሙሉ ስለማይይዘው ዓይን እዚህ ላይ ከማሽን ይበልጣል።

የቦሎ ምርመራ ለምን አልበቃም የሚል ይኖራል። የዓመት ምርመራ የአንድ ቀን ፈተና ነው። ቡሎኑን ለዚያ ቀን አላልቶ ማግስቱን መመለስ ቁልፍና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈልጋል። ቡሎኑ በሽቦና በእርሳስ ቢታሸግ፣ ማኅተሙ ተቆርጦ ሲገኝም ለብቻው ቢያስቀጣ ከብዙ ክፍያ ይሻላል።

መኪናው የወደቀበት ሰው ወዲያው መክፈል የለበትም። መጀመሪያ የጥገና ጊዜ፣ 30 ቀን ቢሆን ይበቃዋል። ጥገናውም ከርካሹ ወደ ውዱ ይሂድ፦ የአየር ፊልትሮው ይታይ (በአቧራ የተደፈነ ከሆነ ብቻውን ሊያስጨስ ይችላል፤ ሲነፋም ከውስጥ ወደ ውጭ ነው)፣ ቀጥሎ ኖዝሎቹ በመሞከሪያ ፓምፕ ይፈተኑ፤ እንደ ጉም የሚረጭ ደህና ነው፣ የሚያንጠባጥብ ይቀየራል። ቀጥሎ የናፍጣው የመርጫ ጊዜ፣ ከዚያ ፖምፓው። ኮምፕሬሽን መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም ደሴ ላይ ሲለካ ከመጽሐፉ ቁጥር ሩብ ያህል አንሶ እንደሚነበብ ያልተረዳ መካኒክ ደህና ሞተር ሊያስፈታ ይችላል። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የሚነደው ዘይት ነው፣ ፖምፓ መነካካት ምንም አይፈይድም።

ክፍያው ስንት ይሁን? ኖዝል ከማስተካከል ዋጋ ካነሰ ሾፌሩ ከፍሎ ማጨሱን ይመርጣል። በጣም ከከበደ ደግሞ ሚኒባሱ ታሪፉን መጨመር ስለማይችል ትርፍ ይጭናል። ትርፍ የጫነ ሚኒባስ ዳገት ላይ የባሰ ያጨሳል፤ ማለትም ቅጣቱ ጭሱን ራሱ ሊያበዛው ይችላል። ስለዚህ ለሕዝብ ማመላለሻ ገንዘቡ በደረሰኝ ለጥገና ቢመለስ ይሻላል፤ ጠግኖ ድጋሚ ለክቶ ያለፈ የከፈለውን ይቀበል። ስቶክሆልም የመንገድ መጨናነቅ ክፍያዋን እ.ኤ.አ. በ2006 ለሰባት ወር ሞክራ፣ ሰውን በድምፅ ጠይቃ፣ ከዚያ ነው በ2007 ቋሚ ያደረገችው። ከሙከራው በፊት ብዙው ሰው ተቃዋሚ ነበር።

ኮምቦልቻ ላይ ጉዳዩ ይለያል። እዚያ ሜዳ ነው፤ ጭሱ የሚመጣው ከደረቅ ወደቡና ከፋብሪካዎች ደጃፍ ሞተር ሳያጠፉ ተራ ከሚጠብቁ መኪኖች ነው። ቆሞ የሚሠራ ከባድ ሞተር በሰዓት ከ2 እስከ 3 ሊትር ይጠጣል። ለዚህ የመግቢያ ክፍያ አይፈይድም፤ የተራ ቁጥር በስልክ ቢሰጥ ይበልጣል። ባጃጁን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ አራት ስትሮክ የሆነው ሰማያዊ ካጨሰ አብዛኛውን ጊዜ የፒስተን ቀለበቱ አልቋል፣ ይቀየር።

የኤሌክትሪክ መኪናም መልስ ነው የሚሉ አሉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ቁጥራቸው መጨመሩ አይቀርም። ለዚህ መንገድም ይስማማሉ፤ 1.5 ቶን መኪና ከደሴ ሲወርድ 2.7 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን የከፍታ ጉልበት ይዞ ነው የሚነሳው፣ ከፊሉም ፍሬን ከማቃጠል ይልቅ ወደ ባትሪው ይመለሳል። ሐረጎን የሚያጠቁረው ግን አውቶሞቢል አይደለም፤ የጭነት መኪናና ሚኒባስ ነው፤ እነሱ ደግሞ ገና ብዙ ዓመት ናፍጣ ላይ ናቸው።

አንድ ነገር ብቻ ሳልጠይቅ አላልፍም፦ ነጻ የሚሆነው ማን ነው? አምቡላንስና እሳት አደጋ ይሁን። ኮድ 4 ግን መጀመሪያ ይለካ፤ ውጤቱም መለኪያው አጠገብ ይለጠፍ። የመንግሥት መኪና አጭሶ ካለፈ ከኋላው ያለው የአይሱዙ ሾፌር ለመክፈል እጁን ኪሱ አይከትም።