ተንሳፋፊ ያልነበረው «ተንሳፋፊ» በረዶ

ስለ ዋልታዎች የሚያስተምር መምህር የበረዶውን ሙከራ ክፍል ከመግባቱ በፊት ብቻውን ሆኖ ይሞክረው። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። የመምህሩ መምሪያ እንዲያውም «ቀላልና አስተማማኝ ሙከራ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ቀላል መሆኑን አልክድም።

የቀረው የምዕራፉ ክፍል ያለ ብዙ ችግር ሄደልኝ። አርክቲክ በየብስ የተከበበ ውቅያኖስ፣ አንታርክቲካ ደግሞ በውቅያኖስ የተከበበ አህጉር መሆኑን በካርታ አሳየሁ። የዋልታ ድብና ፔንግዊን በተፈጥሮ መኖሪያቸው እንደማይገናኙ ስነግራቸው ያልተገረመ ተማሪ አልነበረም። ሉሉን አዘንብዬ በባትሪ እያበራሁ ዋልታዎቹ ላይ ለወራት የሚዘልቀው ቀንና ሌሊት ከየት እንደሚመጣ አስረዳሁ። እ.ኤ.አ. በ1983 በአንታርክቲካ ቮስቶክ ጣቢያ የተመዘገበውን ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ስጽፍላቸው ቁጥሩን የተሳሳትኩ መስሏቸው ሳቁ። የረጋ ቅባት በሞላበት የፕላስቲክ ከረጢት እጃቸውን ሸፍነው በረዷማ ውኃ ውስጥ በማስገባት የባሕር እንስሳት ከቆዳቸው ሥር ያለው ስብ ምን እንደሚጠቅማቸው ሞከሩ። ይህ ሁልጊዜ ይሠራል፤ ወለሉን ማጽዳት ብቻ ነው ጣጣው።

ወደ በረዶው ሙከራ ልምጣ። መምሪያው እንዲህ ይላል፦ ሁለት እኩል ሣህኖች አዘጋጁ። በአንደኛው ድንጋይ አስቀምጡና የበረዶ ኩቦችን ከድንጋዩ ላይ ደርድሩ፤ በሌላው ኩቦቹን ብቻ አድርጉ። በሁለተኛው ሣህን «የበረዶውን ግማሽ እስኪሸፍን» ውኃ ጨምሩ፤ በመጀመሪያውም ያንኑ ያህል። ባሕር እንዲመስል ጨው ጨምሩበት። ከፍታውን በማስመሪያ ለኩ፤ በረዶው ሲቀልጥ ደግማችሁ ለኩ። ከሥሩ መደምደሚያው በሳጥን ተከብቦ ተጽፏል፦ የየብስ በረዶ ሲቀልጥ የባሕር ከፍታ ይጨምራል፤ ተንሳፋፊ በረዶ ሲቀልጥ አይጨምርም።

ከጨው ልጀምር። ካልተማሰለ በቀር በረዶ በጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚቀልጠው ዘግይቶ ነው። ከበረዶው የሚወጣው ጨው አልባ ውኃ ከጨዋማው ስለሚቀል ወደ ታች አይሰምጥም፤ እዚያው በረዶውን ከቦ ከሞቀው ውኃ ይለየዋል። ስለዚህ ደወሉ ሲደወል ኩቦቻችን ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበሩ። ይህን መመሪያ የጻፈው ሰው በደወል እየተመራ አስተምሮ የሚያውቅ አይመስለኝም። ቀጣዩን ክፍለ ጊዜ ከባልደረባዬ ለምኜ ወሰድኩ።

የዚያን ቀን ደግሞ የትምህርት ሱፐርቫይዘሩ መጥተው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በእጃቸው የያዙት ቅጽ «የሚጠበቀው ውጤት ተገኝቷል» እና «አልተገኘም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉት።

በረዶው ቀለጠ። ውኃው በሁለቱም ሣህኖች ጨመረ። በ«ተንሳፋፊው» ሣህን 15 ሚሊ ሜትር የነበረው ወደ 21 ደረሰ። ይህ የማስመሪያ ስሕተት አይደለም፤ ከሩቅ የሚታይ ልዩነት ነው። ክፍሉ ተንጫጫ። አንድ ልጅ የጻፈውን 21 በላጲስ አጥፍቶ በቦታው 15 ሲጽፍ አየሁት። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «መጽሐፉ አይጨምርም ይላል» አለኝ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ላጲስ ነው። ሳይንስ እያስተማርን ዓይናቸውን እንዳያምኑ አሠልጥነናቸዋል።

ምክንያቱን ያገኘችው ከፊት የምትቀመጥ ተማሪ ናት። ያልቀለጠ በረዶ የቀረበት የሌላ ቡድን ሣህን ነበር። አገጯን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ በጎን በኩል ስትመለከት ቆየችና አንዱን ኩብ በእርሳሷ ጫፍ ገፋችው። ኩቡ አልዋለለም፤ የሣህኑን መሠረት እየፋቀ ተንሸራተተ። «መምህር፣ ይኼ እኮ አልተንሳፈፈም፤ ቆሟል» አለች።

ልክ ነበረች። በረዶ በንጹሕ ውኃ ሲንሳፈፍ ከአካሉ ከመቶ 92 ያህሉ ከውኃ በታች ነው። 3 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ኩብ እንዲንሳፈፍ ወደ 2.8 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ውኃ ያስፈልገዋል። «ግማሹን እስኪሸፍን» ብቻ ከተጨመረ ኩቡ መሬት ይዞ ይቆማል፤ ከውኃው በላይ የቀረው ክፍል ሲቀልጥ ደግሞ ልክ እንደ የብስ በረዶ ከፍታውን ይጨምራል። በሌላ አነጋገር መመሪያው ቃል በቃል ከተፈጸመ የራሱን መደምደሚያ ያፈርሳል።

ደስ አለኝ፤ ተማሪዎቹም ደስ አላቸው። ሱፐርቫይዘሩ ግን ወደ ጠረጴዛዬ ጠጋ ብለው በዝግታ «መምህር፣ ልጆቹ ትክክለኛውን ውጤት ጽፈው ቢወጡ ይሻላል፤ ፈተና ላይ የሚመጣው እርሱ ነው» አሉኝ። «ትክክለኛው ውጤት ማስመሪያው ላይ ያለው ነው» አልኳቸው። ሁለተኛዋን ሳጥን ምልክት አድርገውባት ሄዱ። በሪፖርታቸው ላይ «ተማሪዎችን ግራ የሚያጋባ አቀራረብ» የሚል ሐረግ አለ።

አሁን የምሠራው በሌላ መንገድ ነው። ከሣህን ይልቅ ጠበብና ጠለቅ ያለ የመስታወት ዕቃ እጠቀማለሁ። ኩቦቹ ጥቂት ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ በእርሳስ ሲነካ ወደ ታች ወርዶ ብቅ ማለት አለበት። የማይዋልል ካለ ውኃ ይጨመራል። ጨው አልጨምርም። ጨው የሚያዘገየው አንሶ፣ ጨው አልባ በረዶ በጨዋማ ውኃ ላይ ሲቀልጥ ከፍታውን በጣም በጥቂቱ ስለሚጨምረው ውጤቱን ያደበዝዛል። የውኃውን ልክ በማስመሪያ ከማንበብ በዕቃው ላይ ቀጭን ፕላስተር መለጠፍ ይሻላል። በረዶው ክፍለ ጊዜው ከመጀመሩ በፊት ውኃ ውስጥ ይግባ።

የቆመውን በረዶ ግን አልጣልኩትም። ሦስተኛ ዕቃ አድርጌ ሆን ብዬ አቀርበዋለሁ፤ ምክንያቱም ከሦስቱ ሁሉ ለእውነተኛው ዓለም ጭንቀት የሚቀርበው እርሱ ነው። የምዕራብ አንታርክቲካ በረዶ አብዛኛው ክፍሉ ያረፈው ከባሕር ጠለል በታች ባለ መሬት ላይ ነው። ውኃ ውስጥ ነው፤ ግን አልተንሳፈፈም። ትዌይትስ የተባለው ግግር በረዶ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ወርድ ሲኖረው ከሥሩ ያለው መሬት ወደ መሐል አህጉሩ በተጠጋ ቁጥር ዝቅ እያለ ይሄዳል። ሞቅ ያለ የባሕር ውኃ ከሥሩ እየገባ ሲያቀልጠው መሬት የያዘበት መስመር ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ይህ ግግር በረዶ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ብቻውን የዓለምን የባሕር ከፍታ ከግማሽ ሜትር በላይ ያሳድጋል። ተማሪዎች የቆመውን ኩብ በእጃቸው ገፍተው ካዩ በኋላ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

በሳጥን የተከበበው መደምደሚያ ሌላም ጉዳት አለው። ልጆቹ «ተንሳፋፊ በረዶ ቢቀልጥ ምንም አይደለም» ብለው ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ላርሰን ቢ የተባለው የአንታርክቲካ ተንሳፋፊ የበረዶ መደርደሪያ (ከየብስ በረዶ ጋር እንደተያያዘ ባሕር ላይ የተዘረጋ ሰፊ በረዶ) ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ክፍሉ በሳምንታት ውስጥ ተሰባብሮ ጠፋ። ተንሳፋፊ ስለነበር ራሱ የባሕሩን ከፍታ ይህን ያህል አልለወጠውም፤ ነገር ግን ደግፎ የያዛቸው ከኋላው ያሉ የየብስ ግግር በረዶዎች መንገዱ ሲከፈትላቸው ወደ ባሕር የሚፈስሱበት ፍጥነት በብዙ እጥፍ ጨመረ። በአርክቲክም እንዲሁ ነው። አዲስ አመዳይ የለበሰ በረዶ ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን ከመቶ 80 በላይ ሲመልስ፣ ክፍት ባሕር ከመቶ 10 እንኳን የሚሞላ አይመልስም። ተንሳፋፊው በረዶ በሄደ ቁጥር ባሕሩ የበለጠ ይሞቃል። ነጭና ጥቁር ወረቀት ሥር ቴርሞ ሜትር አድርጎ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ለዚህ ይበቃል።

ከመምሪያው የምለይበት ሌላው ነጥብ ድቡ ነው። «የተማሪውን ስሜት ለመቀስቀስ» በትንሽ በረዶ ላይ ብቻውን በቆመ የዋልታ ድብ ሥዕል ጀምሩ ይላል። አትጀምሩ። ያ ሥዕል አንዴ ከታየ በኋላ ክፍሉ ውስጥ «ይሞታል?» ከሚል ጥያቄ ሌላ አይነሳም፤ ታናናሾቹም ያለቅሳሉ። እኔ የምጀምረው ከአደኑ ነው። ድቡ በረዶው ላይ ባለ የመተንፈሻ ቀዳዳ አጠገብ አድፍጦ አቆስጣ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ይጠብቃል። በረዶው ለእርሱ የማደኛ መሬት ነው። በካናዳው ሃድሰን ባሕረ ሰላጤ በረዶው በጸደይ ቀድሞ ሲቀልጥና በመኸር ዘግይቶ ሲረጋ ድቡ ሳይበላ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። ልጆቹ ይህን ሰንሰለት ራሳቸው ሲደርሱበት ኀዘኑ አይቀርም፤ ግን ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

ከጎጂ የፀሐይ ጨረር የሚጠብቀንን የከባቢ አየር ሽፋን፣ ኦዞንን፣ ደግሞ ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር በአንድ ቀን አታስተምሩ። መምሪያው በአንድ ገጽ ስላስቀመጣቸው «በቀዳዳው የገባው ፀሐይ በረዶውን አቀለጠው» የሚል መልስ በየፈተናው ይመጣል። ለየብቻ ሲሆኑ ግን ኦዞን «ታዲያ ምን ይደረግ?» ለሚለው ጥያቄ ጥሩ ታሪክ ይሆናል። በአንታርክቲካ ላይ የታየው የሽፋኑ መሳሳት («ቀዳዳ» የሚባለው) እ.ኤ.አ. በ1985 ይፋ ሆነ፤ በ1987 ኦዞንን የሚጎዱ ኬሚካሎችን የሚገድበው የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ሽፋኑ አሁን በዝግታ እያገገመ ነው። ተማሪዎቼ ከዚህ ምዕራፍ ሁሉ አጥብቀው የሚጠይቁት ስለዚህ ነው፤ ያኔ መንግሥታት እንዴት ቶሎ እንደተስማሙና አሁን ለምን እንዳልሆነላቸው።

ስለ ሣህኑ ሙከራ ለመምሪያው አዘጋጆች ስሌቱን ዘርዝሬ፣ ሥዕል አክዬ ጽፌላቸዋለሁ። አስተያየቴ ለሚቀጥለው እትም እንደሚታይ የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ደረሰኝ። የሚቀጥለው እትም ወጥቷል። ሥዕሎቹ ባለቀለም ሆነዋል፤ ውኃው አሁንም ግማሹን እስኪሸፍን ነው።