በቃለ ጉባኤ ያልሰፈረው ሳል

አዳማ ሙቀትም ነፋስም ያልተነፈጋት ከተማ በመሆኗ፣ የዕድራችን ሥራ አስፈጻሚ ከቀትር በኋላ ቆርቆሮው የሚግለውን አዳራሻችንን ለማቀዝቀዝ ያለ ኤሌክትሪክ፣ በነፋስ ብቻ የሚዞሩ ሁለት የጣሪያ ቬንቲሌተሮች አስተከለ። ሽንኩርት የሚመስሉት እነዚህ መሣሪያዎች ነፋስ ክንፎቻቸውን ሲገፋቸው እየተሽከረከሩ ከጣሪያው ሥር የተጠራቀመውን ሙቅ አየር ስበው ያወጣሉ፤ ነፋስ በሌለበት ሰዓትም ሙቅ አየር ቀላል ስለሆነ በእነርሱ በኩል ቀስ እያለ ይወጣል። አንዲት እናት «ስንት አምፖል ያበራሉ?» ብለው ጠየቁ። አልፈረድኩባቸውም፤ በከተማችን አቅራቢያ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ስላሉ፣ የሚዞር ነገር ሁሉ መብራት የሚሰጥ ይመስለናል።

የተከለው ባለሙያ አደራ ያለው አንድ ነገር ነበር፦ በላይ የሚወጣውን አየር የሚተካ ንጹሕ አየር ከታች መግባት ስላለበት መስኮቶቹ እንዳይዘጉ። ሊቀመንበራችን ግን ከሙቀት ይልቅ አቧራ የሚያስመርራቸው ሰው ናቸውና ለስብሰባው መስኮቶቹን ሁሉ አስዘግተው፣ ስንጥቁንም በፕላስቲክ አስደፍነው ጠበቁን። ለአየር የቀረችው መግቢያ ወደ ዘበኛው ማድቤት የምታወጣው የጓሮ በር ብቻ ነበረች፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ የዘበኛው ባለቤት ሚጥሚጣ እያመሱ ነበር።

መዋጮ በሚያዘገዩ አባላት ላይ የሚጣለው ቅጣት ይጨመር አይጨመር የሚለው ክርክር በተጋጋለበት ጊዜ ነፋሱ ተነሣ። እኔ ጸሐፊው የተናጋሪዎችን ሐሳብ በተራ እየመዘገብኩ ሳለ ንግግሩ ቀርቶ ሳል ብቻ ሆነ። ቬንቲሌተሮቹ በፈጠኑ ቁጥር የሚጥሚጣው ጭስ በጓሮ በር እየገባ፣ መጀመሪያ መድረኩን፣ ቀጥሎም መላውን አዳራሽ አዳርሶ በጣሪያ ይወጣል። በእውነቱ መሣሪያዎቹ የተገዙበትን ሥራ እንደዚያን ዕለት አሳምረው ሠርተው አያውቁም።

ሊቀመንበሩ እንባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ «የሚቃወም እጁን ያውጣ!» አሉ። የሁሉም እጅ አፍና አፍንጫ ላይ ስለነበር የወጣ እጅ አልታየም፤ የቅጣት ጭማሪውም ድምፅ ያለው ሰው በጠፋበት በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

አሁን መስኮቶቹ ተከፍተዋል። ውሳኔው ዳግም እንዲታይ ለጠየቁት አባላት ግን ሊቀመንበሩ የሰጡት መልስ፣ «የስብሰባውን ቀን ከዘበኛው ባለቤት ጋር ተመካክሬ አሳውቃችኋለሁ» የሚል ነው።