መብራት ሳያበራ የከረመው የኤቢኤስ ብልሽት

ይህንን የምጽፈው አሮጌ መኪና ይዞ በጎጃም መንገዶች የሚመላለስ ሰው እኔ ያባከንኩትን አምስት ወርና ገንዘብ እንዳያባክን ስለምፈልግ ነው። መኪናዬ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ሲሆን በሥራዬ ምክንያት በየሳምንቱ ደጀን ድረስ እሄዳለሁ፤ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ የአባይን በረሃ ወርጄ ወደ ጎሐ ጽዮን እወጣለሁ። ያንን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው የማይታመን ፍሬን ምን ማለት እንደሆነ እንድነግረው አይፈልግም።

ችግሩ የጀመረው በክረምት መግቢያ ነበር። መኪናዋ ልትቆም ስትል፣ ፍጥነቷ በሰዓት ወደ 10 ኪሎ ሜትር ሲወርድ፣ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ከሞተሩ ክፍል የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰማል፤ መኪናዋም መቆም የሚገባትን ቦታ አልፋ ትሄዳለች። በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሆኜ ፍሬን ስይዝ ግን ምንም የተለየ ነገር አልነበረም። የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ ግፊቱን የሚለቅቀው ሥርዓት) መብራት ቁልፉ ሲከፈት በርቶ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ እንደ ደንቡ ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልበራም። መብራቱ ካልበራ ኤቢኤሱ ደኅና ነው ብዬ አመንኩ፤ ለተከታዩ ጥፋት ሁሉ በር የከፈተው ይህ እምነቴ ነው።

የፍሬን ዘይት አስቀየርኩ፤ የፊት ሸራዎችን ቀየርኩ፤ ዲስኮቹን ቶርኖ ቤት ወስጄ አስላጥኩ። ለውጥ አልመጣም።

በመካከሉ የዓመታዊ ምርመራ ጊዜ ደረሰ። ለመርማሪው ችግሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳሁት። እርሱም መኪናዋን ሮለሩ ላይ አውጥቶ ለካና "ማሽኑ አልፏል፤ መብራትም የለም፤ ችግር የለብዎትም" ብሎ አሰናበተኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ይህ መልስ ያናድደኛል። ሮለሩ ጎማዎቹን የሚያዞረው በጣም በዝግታ ነው፤ የሚለካውም የፍሬኑን ጉልበትና በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለውን ልዩነት እንጂ ኤቢኤሱ መንገድ ላይ የሚሠራውን አይደለም። ምርመራ ማለፍ የምርመራ ወረቀት ማግኘት ነው፤ ፍሬኑ ደኅና ስለመሆኑ ማረጋገጫ አድርጋችሁ አትውሰዱት።

ከሁሉ የከፋው ቀጥሎ የመጣው ነው። ኮምፒውተር ያለው አንድ ጋራዥ መኪናዋን መርምሮ ምንም የብልሽት ኮድ እንደሌለ ነገረኝ። ኮድ ከሌለ ፍለጋው መቀጠል ነበረበት። ባለሙያው ግን ጎማዎቹን እንኳ ሳያወልቅ "ፓምፑ አርጅቷል፤ በሌላ መቀየር ነው" አለኝ። እኔም ምን አይቶ እንዲህ እንዳለ አልጠየቅኩትም። አዲስ አበባ ድረስ ወርጄ ሶማሌ ተራ ውስጥ ከአንድ ወር ደመወዜ የሚበልጥ ገንዘብ ከፍዬ ያገለገለ የኤቢኤስ ፓምፕ ገዛሁ። ሲገጠም አየሩ በደንብ ስላልወጣ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለሰለሰ፤ አየሩን ለማስወጣት ብቻ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በመጨረሻ ፔዳሉ ሲጠነክር መንቀጥቀጡ እንደ ነበረ ተመልሶ መጣ። የጥንቱ ፓምፕ ደኅና እንደነበረ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው፤ ግን ጋራዡ ውስጥ ትቼው ስለወጣሁ ስመለስ አላገኘሁትም።

በዚያው ሰሞን ደጀን መግቢያ ላይ፣ ካፊያ እየጣለ፣ አህያ እየነዳ መንገድ ለሚሻገር ልጅ ፍሬን ያዝኩ። መኪናዋ ልትቆም ስትቃረብ ፔዳሉ ተንቀጠቀጠና ለቀቀ፤ የቆመችው ከልጁ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። ልጁ ምንም አላወቀም። እኔ ግን መኪናዋን ከመንገዱ ዳር አውጥቼ እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው ድረስ ተቀመጥኩ፤ ምክንያቱን ራሴ ሳላገኝ ሁለተኛ ወደ በረሃው እንደማልወርድም ወሰንኩ።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ከከተማ ውጪ ሰው የሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ፈልጌ የኤቢኤሱን ፊውዝ ነቀልኩ። መብራቱ በራ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ከዚያ በተደጋጋሚ ፍሬን ስይዝ መኪናዋ ያለ አንዳች መንቀጥቀጥ በቦታዋ ቆመች። አምስት ወር ሙሉ ማንም ያላሰበው ፈተና አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ፊውዙ ወጥቶም መንቀጥቀጡ ቢቀጥል ኖሮ ጥርጣሬው ወደ ዲስኩ ይሄድ ነበር፤ ከጠፋ ግን ኤቢኤሱ ያለ ቦታው እየሠራ ነው ማለት ነው። የመኪናው መመሪያ ኤቢኤሱን አጥፍቶ መንዳትን አይመክርም። እኔ ግን እንዲህ ያለ ብልሽት ያለበት ሰው እስኪጠገን ድረስ ፊውዙን ነቅሎ፣ በዝግታና በከተማ ውስጥ ብቻ ቢነዳ ይሻላል እላለሁ፤ ተራው ፍሬን ይሠራልና። በእርጥብ መንገድ ላይ ግን ጎማው ሊቆለፍ እንደሚችል አይርሳ። ከኤቢኤሱ መብራት ጋር ቀዩ የፍሬን መብራትም ከበራ መኪናውን ከቆመበት አያንቀሳቅስ።

ከዚያ የፊቱን ጎማዎች በክሪክ አንሥቼ አወለቅኩ። የኔ መኪና የጎማ ፍጥነት ሴንሰር ባለ ሁለት ሽቦ የማግኔት ዓይነት ነው፤ ከጎኑ ጥርስ ያለው የብረት ቀለበት ሲዞር አነስተኛ ቮልት ያመነጫል፤ ኮምፒውተሩም ከዚያ የጎማውን ፍጥነት ያሰላል። በመለኪያ ስለካቸው የሁለቱም ሴንሰሮች ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መጠን) ተቀራራቢ ነበር። ጎማ መያዣውን በእጄ ሳዞር ግን የግራው ቮልት የተረጋጋ ሲሆን የቀኙ ይዋዥቅ ነበር። በሽቦ ብሩሽ ጭቃውንና ዝገቱን ጠርጌ፣ አንዱን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርጌ፣ 48ቱን ጥርሶች አንድ በአንድ እየቆጠርኩ አዞርኩት። በሁለት ጥርሶች መካከል ከፀጉር ብዙም የማይወፍር ስንጥቅ አገኘሁ፤ ቀለበቱ ዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል።

ስንጥቁ ላይ የጥርሶቹ ርቀት ስለሚሰፋ፣ ያ ቦታ በሴንሰሩ ፊት ባለፈ ቁጥር ኮምፒውተሩ ጎማው በድንገት የቆመ ይመስለዋል፤ ጎማው ተቆልፏል ብሎም ግፊቱን ይለቅቃል። ሴንሰሩ ሽቦው ስላልተቆረጠና ቮልት መስጠቱን ስላላቋረጠ ኮድ አልተመዘገበም፤ መብራትም አልበራም።

ቀለበቱ ለምን ተሰነጠቀ? ችግሩ ከመጀመሩ በፊት በነበረው ጥቅምት የቀኝ አክስሌን፣ ማለትም ቀለበቱ የሚገጠምበትንና ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ፣ ሳስቀይር ርካሽ ስለነበረ ቀለበት የሌለውን ገዛሁ። የጋራዡ ልጅ "ጋሼ፣ ቀለበት ያለውን ብንገዛ ይሻላል፤ ይህ ሲወጣ ይጎዳል" ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ከአሮጌው አውልቀህ አዙረው አልኩት። በመሮና በመዶሻ ተመትቶ ወጣ፤ በመዶሻ ተመትቶ ገባ። ልጁን ያስገደድኩት እኔ ነኝ፤ ይህ ሁሉ የመጣው በዚያ በቆጠብኩት ጥቂት ብር ምክንያት ነው። ስለዚህ አክስል ስትገዙ ቀለበቱ አብሮት እንዳለ እዩ፤ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊትም ጥርሱን ከአሮጌው ጋር ቆጥራችሁ አስተያዩ፤ ቁጥሩ ከተለያየ ኮምፒውተሩ የተሳሳተ ፍጥነት ያነብባል። በአዳዲስ መኪኖች ላይ ቀለበቱ ኩሽኔታው ውስጥ ያለ የማግኔት ንጣፍ ሊሆን ይችላል፤ ኩሽኔታው ተገልብጦ ከገባ ሴንሰሩ ምንም አያነብብም። የእነዚህን ሴንሰሮች ኦም መለካትም አይጠቅምም።

ቀለበት ያለው ያገለገለ አክስል አስገጠምኩ። ልጁንም ትክክል እንደነበረ ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኩት። ፊውዙን መልሼ እዚያው መንገድ ላይ ሃያ ጊዜ ያህል ፍሬን ያዝኩ፤ ፔዳሉ አንድም ጊዜ አልተንቀጠቀጠም። የግራው ቀለበት ሥር ዝገት መጀመሩን ስላየሁ፣ በየወሩ ጎማውን አውልቄ በብሩሽ እጠርገዋለሁ፤ ዝገት ከሥሩ ሲያብጥም ቀለበት ይሰነጥቃልና።