ቆዳን በጀርባው ማየት

ጅማ ውስጥ ለጫማ ሥራዬ ቆዳ የምገዛበት ሱቅ ባለቤት እኔን ሲያዩ ሻይ ያዝዛሉ፤ ቶሎ እንደማልወስን ያውቃሉ። መጀመሪያ የማየው የቆዳውን ጀርባ ነው። ፊቱማ በቀለም ተሸፍኖ ሁሉም ያምራል፤ የገፋፊው ቢላ ጭረት ግን ከሥጋው ወገን አይደበቅም። ቀጥሎ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጌ አጥፈዋለሁ። የወጡት ደቃቅ መስመሮች ስለቀው ከጠፉ እገዛለሁ፤ ቀለሙ ከተሰነጠቀ ሻዩን አመስግኜ እወጣለሁ። በበግና በፍየል ቆዳ ላይ ደግሞ የእከክ ነጠብጣብ መፈለግ ያስፈልጋል።

ለጫማው ፊት የምቆርጠው ከአከርካሪው አጠገብ ነው። የሆድ ቆዳ ርካሽ ቢሆንም ስለሚለጠጥ ጫማው ቅርጹን ያጣል፤ ለማይታይ ቦታ ይበቃዋል። የላም ቆዳ ውፍረቱ ከ1.2 እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን ይስማማኛል። የደጋ በጎቻችን ቆዳ ለጓንት በዓለም ገበያ የታወቀ ነው፤ ስስ ስለሆነ ግን እኔ ለገበር ብቻ ነው የምጠቀምበት።

ለሶል በዛፍ ልጣጭ የለፋ ደረቅ ቆዳ የሚያህለው የለም። ይሁን እንጂ የጅማ ዝናብ ለቆዳ ሶል አያዝንም፤ ስለዚህ ከሥሩ ስስ ጎማ እለጥፍበታለሁ። ጎማ ክብሩን የሚቀንስ የሚመስለው ደንበኛ ሐምሌ ላይ ሐሳቡን ይቀይራል።

መሣሪያ ማብዛት አልወድም። ስለታም ቢላ፣ መዶሻ፣ ቆዳውን በፎርማው (ጫማው በሚሠራበት የእግር ቅርጽ) ላይ የሚስብ ጥርሳም ጉጠት፣ ወስፌ። ወስፌው ከክሩ እምብዛም መወፈር የለበትም፤ ቀዳዳው ከሰፋ በሰም የታሸ ክር እንኳ ውኃ አያግድም። ገንዘብ ከተረፈ ለፎርማ ይዋል፤ ለሰፊ እግር የሚሆን ጥሩ ፎርማ ማግኘት ከባድ ነው።