ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውስ?

አጎቴ እራት ላይ እንጀራውን ጠቅልሎ ሳይጎርሰው ቆየ። ከዚያ «እስቲ ሜዳውን አንድ ጊዜ አሳየኝ» አለኝ። የትኛውን ሜዳ ብዬ አልጠየቅኩትም። ለጋሼ ሜዳ ማለት አንድ ነው። አዳማ፣ በወንጂ መውጫ በኩል፣ ባለጋሪዎች እሁድ እሁድ ፈረስ የሚያሽቀዳድሙበት ሜዳ።

ጋሼ ጋሪ ነጂ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ በጋሪ ኖሯል። ልጆቹን ያሳደገው በጋሪ ነው። ጉልበቱ ሲደክም ወደ አዲስ አበባ አመጣነው። ሜዳው ላይ ቤት እንደተሠራበት ሰምቷል። ሰምቷል እንጂ አላመነም። «ያን ሁሉ መሬት?» ይላል። እኔም ሰምቼ ነበር። ሄጄ ማየት ፈርቼ ነው ያን ያህል የቆየሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ከቃሊቲ ሚኒባስ ያዝን። በፍጥነት መንገዱ ነው የሄድነው። ወደ 85 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ነው፤ ወሬ ሳይጀመር ያልቃል። ጋሼ ግን ይህን አገር በባቡር ነው የሚያውቀው። የድሮው የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። ጋሼ እንደሚለው አዳማ ላይ ጋሪ እንዲያ የበዛው በባቡሩ ምክንያት ነው። ተሳፋሪ ለገሃር ይወርዳል፣ ሻንጣውን ጋሪ ላይ ይጥላል፣ ሰፈሩ ይደርሳል። «ባቡሩ ሲጮህ ፈረሶቹ ራሳቸው ጆሯቸውን ያቆሙ ነበር» አለኝ በመስኮት እያየ።

ሞጆን አልፈን ወደ አዳማ ስንቃረብ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ታዩን። ነጭ፣ ረጃጅም፣ ባለ ሦስት ክንፍ። አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት ደግሞ 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ነው የተተከሉት። ለጋሼ ይህንኑ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ነፋሱን እናውቀዋለን» አለ። «ከግራሩ ዞረን ስንመለስ አቧራውን ፊታችን ላይ የሚደፋብን እሱ ነው።»

አሁን ስለ ግራሩ ልንገራችሁ።

ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጋሼ ጋር እላክ ነበር። እሁድ ጠዋት ጋሪውን ያጥባል። ከቅዳሴ መልስ ምሳ ይበላል። ከዚያ ቦራን ከጋሪው ፈትቶ እየጎተተ ወደ ሜዳው ይሄዳል። እኔ ከኋላ እየሮጥኩ እከተላለሁ። ቦራ ዳማ ፈረስ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። የድሮ ጀግና በፈረሱ ስም ነበር የሚጠራው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። የጋሪ ተራ ሰውም ጋሼን «አባ ቦራ» ይለው ነበር።

ሜዳው ላይ አጥር የለም፣ ወንበር የለም፣ የተቀባ መስመር የለም። ያለው በሰኮና ብዛት የተላገ መንገድ ነው። አንድ ጅራፍ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ መነሻም መድረሻም እሱ ነው። ከዚያ ሜዳውን አቋርጦ እስከ ግራሩ ድረስ፣ ግራሩን በግራ ዞሮ መመለስ። ኮርቻ ያለው ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ጆንያ ጣል አድርገው ነው የሚጋልቡት። ውርርዱም የመኖ ነው። የተሸነፈው ላሸነፈው ፈረስ ፉርሽካ ይገዛል። ሴቶች ቆሎ ይሸጣሉ። ከወንጂ የመጣ ሸንኮራ በቁራጭ ይሸጣል። እኛ ልጆች ሸንኮራችንን እየመጠጥን ግራሩ ጋ እንቆማለን፤ ሰው የሚለየው እዚያ ነዋ።

ጋሼ ሁልጊዜ የሚላት ነገር ነበረች። «ከዛፉ ሠላሳ እርምጃ ሲቀርህ ዛቡን ሰብስብ። ዛፉ ጋ ደርሰህ ከሰበሰብክ ፈረሱ ይወጣብሃል።» ብዙ ጎበዝ ጋላቢ አየሁ፣ ቀጥ ባለው ላይ እንደ ጥይት የሚተኮስ፣ ግራሩ ጋ ሲደርስ ግን ወደ ቁጥቋጦው የሚገባ። ቦራ እዚያች ቦታ ላይ አንገቱን ጠምዘዝ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ልጥፍ ያደርጋል። የኋላ እግሩ አፈሩን ፈንጥቆ እኛ ላይ ይበትነዋል። የዛፉ ሥር በሰኮና ተፍቆ ተፍቆ እንደ አጥንት ነጭ ሆኖ ነበር። ዓይኔን ብጨፍን ያ ሥር ይታየኛል።

አዳማ ወርደን ባጃጅ ያዝን። ጋሼ ከተማዋን እስካሁን ናዝሬት ነው የሚላት። ሙቀቱ ጀምሯል። በዋናው አስፋልት ላይ አንድም ጋሪ አላየንም። ባጃጁ ነው ሁሉን የያዘው። ሾፌሩ ወጣት ነው። «የፈረስ ሜዳው» ስንለው አላወቀውም። «በወንጂ መውጫ ወደ ውስጥ የሚያስገባው» ስንለው «አሃ፣ አዲሶቹ ቤቶች!» አለ።

ደረስን። ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች ተደርድረዋል። ግድግዳቸው ላይ ቁጥር ተጽፏል፣ ብሎክ አንድ፣ ብሎክ ሁለት። በረንዳው ላይ ልብስ ተሰጥቷል፣ ሳህን የመሰለ ዲሽ ተሰቅሏል። ጋሼ ከባጃጁ ወርዶ ቆመ። ዞር ብሎ ተራሮቹን አየ። ከዚያ ፀሐይዋን አየ። ሰው የገዛ አገሩ ውስጥ አቅጣጫ ሲጠፋበት ማየት ከባድ ነው። እጁን ያዝኩት።

«ግራሩን ፈልግ» አለኝ።

አገኘሁት። በብሎክ አምስትና በብሎክ ስድስት መካከል ቆሟል። ያን ያህል የገዘፈ የሚመስለኝ ዛፍ ከሕንፃው ሥር ሲታይ አነሰብኝ። የልብስ ገመድ ታስሮበታል። ሥሩ ዙሪያውን በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ያ ነጭ ሥር አይታይም። ጋሼ ግንዱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፣ ልክ የፈረስ አንገት እንደሚመታ።

ከዛፉ ሥር አንዲት ሴት በርበሬ እያሰጣች ነበር። ማን እንደሆንን ጠየቀችን። ነገርናት። «ታዲያ አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ቡና እየፈላ ነው» አለችው። ገባን። ቤቷ ሁለት ክፍል ናት፣ ንጹሕ። እዚህ ከመግባቷ በፊት አሥራ ሦስት ዓመት ተከራይታ ኖራለች፣ ከሦስት ልጆች ጋር። «ልጅ አስለቀስሽ፣ መብራት አበዛሽ፣ እንግዳ አመጣሽ፣ ያልተባልኩት የለም» አለች። ቁልፉን የተቀበለች ቀን ባዶው ወለል ላይ ነው የተኙት፣ ፍራሽ እስኪመጣ መጠበቅ አቅቷቸው። እኔም ተከራይ ነኝ። የምትለው ገባኝ። ይህች ሴት ቤት ማግኘት አልነበረባትም የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም።

ቡናው ሁለተኛው ሲቀዳ ግን ሌላም ነገር ነገረችን። ሐምሌ ላይ ውኃው ምድር ቤት ያሉት ሰዎች ጋር ይገባል። ጋሼ አልገረመውም። አዳማ በተራሮች የተከበበች ጎድጓዳ ላይ ነው ያለችው። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ መድረሻ ይፈልጋል። «ሜዳው ይጠጣው ነበር» አለ ጋሼ። «ክረምት እሽቅድድም የለም፤ ሜዳው የውኃ ነው። መስከረም ላይ ሣሩ ይወጣል፣ ኅዳር ላይ ይደርቅልናል።» ይህን የሚያውቁ ባለጋሪዎች ነበሩ። የጠየቃቸው የለም።

«በሌላ አገርስ እንዲህ ይደረጋል?» አለኝ። ይደረጋል። ስለ ሲንጋፖር ነገርኩት። እዚያ የፈረስ እሽቅድድም ማኅበሩ የተመሠረተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1842 ነው። አገሪቱ ጠባብ ናት፣ ሰው ቤት ይፈልጋል። መንግሥት ከ120 ሄክታር የሚበልጠውን የውድድር ቦታ ለቤትና ለሌላ ልማት መልሶ እንደሚወስደው በ2023 ጁን ወር አስታወቀ። የመጨረሻው ውድድር የተካሄደው ደግሞ ኦክቶበር 5 ቀን 2024 ነው። በካሊፎርኒያም ቤይ ሜዶውስ የሚባል መሮጫ ነበር፤ በ1934 ተከፍቶ በ2008 ተዘጋ፣ አሁን መኖሪያና ቢሮ ነው። እንግሊዝ አገር ብሩክላንድስ የሚባለው በ1907 የተከፈተ የመኪና መሮጫ ደግሞ አብዛኛው በሌላ ግንባታ ተይዟል፤ ከፍ ብሎ የተጠማዘዘው ኮንክሪት ቁራጩ ግን ቀርቷል፣ ሙዚየምም አለው።

ጋሼ በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ ስለ ሲንጋፖሩ ብቻ ጠየቀኝ። «የመጨረሻው መሆኑን እያወቁ ነው የጋለቡት?»

«አዎ። ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ ተነግሯቸዋል።»

ስኒውን አስቀመጠ። ብዙ አልተናገረም። እኔ ግን ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እኛ ጋር የመጨረሻው ግልቢያ የቱ እንደሆነ ማንም አያውቅም። አንድ እሁድ ጋልበው ወደ ቤታቸው ገቡ። በሌላ እሁድ ሲመጡ ችካል ተተክሏል፣ ገመድ ተወጥሯል። አሸናፊውን ያጨበጨቡለት ሰዎች የመጨረሻውን አሸናፊ እያጨበጨቡለት መሆኑን አላወቁም። ቂሜ እዚህ ላይ ነው። ቤቱ ላይ ቂም የለኝም።

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ የሚለው ይህንኑ ነው። የከተማ ቦታ በሊዝ የሚተላለፈውም በአዋጅ ነው። ይህን አልክድም። ግን ፕላን የሚያወጣ ሰው ሜዳችንን ሲያይ ያየው ባዶ ቦታ ነው። ግንብ የለውም፣ ካርታ የለውም፣ ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ የለውም። ጃንሜዳን አስቡ። በንጉሡ ዘመን የፈረስ እሽቅድድም የሚካሄድበት ሜዳ ነው። በ2012 ዓ.ም በኮሮና ጊዜ አትክልት ተራ እዚያ ገብቶ ነበር። ለጥምቀት ሲቃረብ ግን ገበያው ወጣ፣ ሜዳውም ተጸዳ። ጃንሜዳ ስም አለው፣ ታቦት ያድርበታል፣ ሲነካ የሚጮህለት ሕዝብ አለው። የኛ ሜዳ የሚጮሁለት ሰዎች ጋሪ ነጂዎች ነበሩ። እነሱም በዚያ ሰሞን ባጃጅ እንጀራቸውን እየነጠቀባቸው ስለነበር፣ ስለ እሁዳቸው ለመከራከር ጊዜ አልነበራቸውም።

ከቤቷ ስንወጣ አንድ ሽማግሌ ከብሎክ አራት በረንዳ ላይ ቆመው ቁልቁል እያዩን ነበር። ድንገት «አባ ቦራ!» ብለው ጮኹ።

ጋሼ ቀና አለ። ዓይኑ ደከም ስላለ አልለያቸውም። ሽማግሌው ደረጃውን በዱላ እየተደገፉ ወረዱ። ለካ አብረው ይጋልቡ ነበር። ተቃቀፉ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ ቶሎ አልተላቀቁም። ሽማግሌው የሚኖሩት ልጃቸው ጋር ነው። ልጃቸው ዕጣ ደርሶት ነው እዚህ የገቡት። «ፈርዳ የጋለብኩበት መሬት ላይ ሦስተኛ ፎቅ ተኛሁ» አሉ። ፈረሱን በኦሮምኛው ነው የሚጠሩት፣ ድሮም እንደዚያው ነበር። «ሌሊት አንዳንዴ ሰኮና ይሰማኛል። ልጄ የውኃ ቧንቧ ነው ይለኛል።»

ሁለቱ ሆነው መነሻውን ፈለጉ። ከግራሩ ተነስተው እርምጃ ቆጠሩ፣ ጮክ እያሉ። ስድሳ አራት ላይ ግድግዳ ገጠማቸው። ሽማግሌው ግድግዳውን በዱላቸው መታ አደረጉትና «ገና መንገዱ አልተጋመሰም» አሉ።

ወደ አስፋልቱ ስንወጣ አንድ ጋሪ አገኘን። ከጀርባ በኩል ሌላ ሕንፃ እየተሠራ ነው፤ ብሎኬት አራግፎ መመለሱ ነው። ነጂው ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ፈረሱ ጉራቻ ነው፣ ላቡ ደርቆ ጨው ሠርቷል። ጋሼ ሳይፈቀድለት ቀረበ። በጎን በኩል ሄዶ አንገቱን ዳበሰው፣ ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ጥርሱን አየ።

«ስድስት ዓመት ሆኖታል» አለ።

ልጁ ደነገጠ። «አባባ እንዴት አወቁ?»

«የዳር ጥርሱ ሞልቷል። የመሀሉ ጉድጓድ መጥፋት ጀምሯል።» ትንሽ ቆየና «ጋልቦ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀው።

«የት ይጋልባል አባባ?» አለ ልጁ።

እስከ አስፋልቱ እንዲያደርሰን ጠየቅነው። ልጁ ገንዘብ አልቀበልም አለ። ጋሼን ደግፈን ከፊት አስቀመጥነው። ሲቀመጥ እጁ ብቻውን ወደ ዛቡ ሄደ። ልጁም ለቀቀለት። ጋሼ በምላሱ አንድ ድምፅ አሰማ፣ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ያልሰማሁትን። ፈረሱ ጆሮውን አቆመ። ከብሎክ አምስት እስከ ብሎክ ሁለት በሶምሶማ ሄድን፣ በረንዳ ላይ ያሉ ልጆች እየጮኹልን። ከፊታችን የመኪና ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ። ጋሼ ሠላሳ እርምጃ ሲቀረው ዛቡን ሰበሰበ።